ሁለት እልልታ

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1938 «የማምነው» የሚል ርእስ ያለው አጭር መጣጥፍ ጻፈ። ሂትለር ኦስትሪያን የጠቀለለበት ዓመት ነው። ብዙዎች ለመሪ ወይም ለርእዮተ ዓለም ሙሉ ነፍሳቸውን በሚሰጡበት በዚያ ዘመን፣ ፎርስተር ለዲሞክራሲ የቸረው ሁለት እልልታ ብቻ ነበር። አንዱ ልዩ ልዩ ዓይነት ሰው እንዲኖር ስለሚፈቅድ፤ ሁለተኛው መተቸትን ስለማይከለክል። ሦስተኛውን ነፈገው፤ እርሱ የሚገባው ለፍቅር ብቻ ነው ብሎ ያምናልና።

መጣጥፉን የምወደው ስለዚህ ንፍገት ነው። አድናቆትን መጥኖ መስጠት ይከብዳል፤ ለአብዛኞቻችን የሚቀናን ወይ ማወደስ ወይ መርገም ነው። ፎርስተር ፓርላማን የወሬ ቤት ነው የሚሉትን አይሟገታቸውም። ወሬው ግን ይሰማል፣ ይጻፋልም ይለናል። ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረውም ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይሆን፣ የአንድ ምስኪን በደል ይታረም ብሎ ሹማምንትን ዕረፍት የሚነሣውን ተራ እንደራሴ ነው።

ይህን የማነበው እንደ ኢትዮጵያዊ ነውና ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ አርበኞቻችን በየዱሩ እየተዋደቁ ሳለ፣ በሕዝብ የተመረጠው የፎርስተር አገር መንግሥት የፋሽስት ኢጣሊያን የኢትዮጵያ ገዥነት በይፋ ተቀበለ። ይህን ያየ ሰው ሁለቱንም እልልታ ቢነፍግ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን በዚያችው አገር ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1936 ጀምራ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፒያ ኒውስ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ እያወጣች የገዛ መንግሥቷን ስለ እኛ ትሞግት ነበር። ጋዜጣዋ ያን ውሳኔ ማስቀረት አልቻለም። ይሁን እንጂ አፉ አልተዘጋም፤ ድሉን አይቶ እስከ 1956 ዘለቀ። በሙሶሊኒ ሮም እንዲህ ያለውን የሚያሳትም ሰው መኖሪያው ወኅኒ ነበር።

ዲሞክራሲን የሚጠራጠሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ይመስሉኛል። አንዱ በጭቅጭቁ ተሰላችቶ ብርቱ ክንድ ይናፍቃል። ሌላው ጉድለቱን እየቆጠረም ብርቱውን ክንድ ይበልጥ ይፈራል። ፎርስተር ከኋለኞቹ ነው። ኃይል ከመጋረጃው ጀርባ ሁልጊዜ እንዳለ ያውቃል፤ ሥልጣኔ የሚለውም ኃይሉ ወደ መድረክ ያልወጣበትን ፋታ ነው። የፓንክረስት ጋዜጣ የታተመው በዚያ ፋታ ውስጥ ነበር።