ዓሣ የሌለበት ገንዳ

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ መጻፍ የለመደ ሰው ስለ ዓሣ ገንዳ ሲጽፍ፣ አንባቢ «ከጀርባው ምን አለ?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ከጀርባው ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ከየትኛውም ውቅያኖስ በራቀች የተራራ ሥር ከተማ። በሳሎናችን ጥግ 200 ሊትር ያህል የጨው ውኃ የያዘ የመስታወት ገንዳ ካቆምን ዘጠነኛ ሳምንቱን ይዟል። እስከ ዛሬ አንድም ዓሣ አልገባበትም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ለጓደኞቿ «አባቴ ውኃ ነው የሚያረባው» እያለች ታሳጣኛለች።

የዚህ ዓይነቱ ገንዳ መሠረቱ ዓሣው ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ነበር ያስተማረው፤ የባሕር ውኃና ሕይወት ያዘለ ድንጋይ አምጥቶ፣ አየር እያንፎለፎለ፣ ያለ ማጣሪያ ባሕርን በቤቱ አኖረ። ዛሬ ፍሎሪዳ ላይ የተፈጥሮ ሪፍ ድንጋይ ፈልፍሎ መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ አርቢዎች ከየብስ የተፈለጠ የኖራ ድንጋይ ባሕር ወለል ላይ ዘርግተው፣ ሕይወት እስኪለብስ ዓመታት ጠብቀው ያወጡታል። እኛ የገዛነውም እንዲህ ያለውን ነው፤ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን የመጣ 18 ኪሎ ድንጋይ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሸተተ። በመንገድ የሞተው ነገር ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ለባሕር እንስሳ መርዝ ነው። መርዙን የሚያነሡት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደቀለለ ናይትሬት ይለውጣል። ይህ የባክቴሪያ ሥራ መሆኑን ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ አሳይቶ ነበር። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በሲያትል ከተማ አኳሪየም ከአንድ ገንዳ ጠጠር ውስጥ፣ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኪያ ከሚባለው ወገን የሆነ አሞኒያ በል ፍጥረት ለይተው አወጡ። ዘመዶቹ በውቅያኖስ ውስጥ እጅግ ከበዙት ፍጥረታት መካከል መሆናቸው ታወቀ። ውቅያኖሱን የሞላው ነገር ገንዳ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው!

የዓሣ መደብሩ ሻጭ «አንድ ርካሽ ጠንካራ ዓሣ ጣልበት፤ ቶሎ ይጀምርልሃል» ብሎ መክሮኝ ነበር። ዓሣው በመርዝ ውስጥ እየኖረ ለባክቴሪያው ቀለብ ያቅርብ ማለት ነው። ከድንጋዩ ጋር የመጣው ሙት ለዚያ ይበቃ ነበርና አልተቀበልኩትም። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አሞኒያውም ናይትራይቱም በመመርመሪያው ላይ ዜሮ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ አሸዋው ቡና የተደፋበት መሰለ፤ ሲሊካ የሚመገቡት ዳያተሞች ናቸው። ባለቤቴ «ይህን ቆሻሻ መቼ ነው የምታጥበው?» አለች። ቡኒው በራሱ ጊዜ ሳሳ፤ አረንጓዴ ዋቅላሚ ተተካ። አንድ ጠዋት ደግሞ መስታወቱ ላይ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች ሲፈናጠሩ አየሁ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ኮፔፖዶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእንቁላል ከረጢታቸውን ከኋላቸው አንጠልጥለዋል። ልጄ ስለ ዓሣ መጠየቅ ያቆመችው ያን ጊዜ ነው።

የገንዳው እውነተኛ ሰዓት ሌሊት ነው። መብራት አጥፍቶ፣ በቀይ ላስቲክ በተሸፈነ ባትሪ ዝግ ብሎ ማየት ነው። የላባ ዘውድ የደፉ ትሎች ከቱቦዎቻቸው ወጥተው ውኃ ያጣራሉ፤ ጥላ ካረፈባቸው በቅጽበት ይሰወራሉ። ከስንጥቅ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ የኮከብ ክንድ ብቅ ብሎ ይዳስሳል። ሲነኩት እሾሁን እጅ ላይ የሚተክል ፀጉራም ትል ትርፍራፊውን ይለቅማል። አንድ ሸርጣንም አለ፤ ጥፍሩን እንጂ ሙሉ አካሉን ያየ የለም። ከእነዚህ አንዱንም እኔ አላመጣሁም። እዚህ ላይ የፖለቲካ ምሳሌ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል፤ ይቅርታ ያድርግልኝ፣ ትሉ ትል ነው።

የመጣው ሁሉ ደግሞ ደግ አይደለም። አይፕቴዥያ የተባለች ብርጭቆ የመሰለች የባሕር አበባ አከል እንስሳ በሁለት ቦታ ተገኝታለች። መርዛማ ናት፤ ብትጨፈለቅ ከቁራጯ ሌላ ትበቅላለች። ስለዚህ የኖራ ሊጥ በመርፌ አፏ ላይ ይደረግባታል። አንዷን እንዲህ አጠፋናት፤ ሁለተኛዋ ስንጥቅ ውስጥ ናት፤ መርፌው አይደርስባትም።

በዚህ ሁሉ አብረውኝ የሚያመሹት አባቴ ናቸው። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ለዓመታት አገልግለዋል። ወደቡ እ.ኤ.አ. በ1990 በጦርነት እጅ ሲለውጥ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም። አሁን ለስድስት ወር ሊጠይቁን መጥተዋል። በአጉሊ መነጽሩ ኮፔፖዶቹን ሲያዩ «ይህን ሁሉ ዘመን በላዩ ስንመላለስ ይህ ከሥራችን ነበር?» አሉ። ሁለቱን ጀርመናውያን፣ ሄምፕሪክንና ኤረንበርግን፣ አነሣሁላቸው። ቀይ ባሕርን አብረው ያጠኑ ነበር፤ ሄምፕሪክ እ.ኤ.አ. በ1825 እዚያው ምጽዋ ሞተ፤ ኤረንበርግ ተመልሶ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን፣ ዳያተሞችንም ጭምር፣ ሲመረምር ኖረ። «የሞተውስ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሠላሳ አልሞላውም ነበር። ዝም አሉ። እሳቸው ምጽዋ ላይ የቀበሯቸው ጓደኞቻቸውም ከዚያ አይበልጡም ነበር።

የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፤ በየቀኑ ከገንዳው ብዙ ውኃ ይተናል። ውኃው ሲሄድ ጨው ይቀራልና የጎደለው መሞላት ያለበት ጨው በሌለው ውኃ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩት ከመጽሐፍ ነው፤ አባቴ ግን የምጽዋን የጨው ማምረቻ ያዩ ሰው ስለሆኑ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የጨው መለኪያውን ተረክበዋል፤ በሊትር ከ35 ግራም ገደማ ፈቀቅ እንዲል አይፈቅዱም።

አባቴ የሚመለሱት በመጪው ወር ነው። ሳይሄዱ የሚያስታውሱትን ዓይነት ድንጋያማ ኮራል ሊያዩ ይገባል ብዬ፣ ትንሽ ቁራጭ ለመግዛት አስቤ ነበር። እንዲህ ያለው ኮራል ግን ውኃው ለወራት ሳይዋልል መርጋቱን ይሻል፤ የእኛ ናይትሬት ገና ከሳምንት ሳምንት ይወጣል ይወርዳል። አምጥቼ ለጥቂት ሳምንታት ሊያዩት ይችሉ ነበር፤ ምናልባት ሲሞትም ጭምር። ሐሳቤን ስነግራቸው መለኪያውን እያጠቡ ነበር። «ለእኔ ብለህ አታጣድፈው ልጄ። ሲደርስ ፎቶውን ትልክልኛለህ» አሉ።

እስከዚያው ከልጄ ጋር የሐምራዊ ነጠብጣብ ቆጠራ ይዘዋል። ኮራል መሰሉ ዋቅላሚ ድንጋዩን አልፎ በኋላኛው መስታወት ላይ መታየት ጀምሯል፤ በደብተር ይመዘግቡታል። ሐሙስ ሰባት ነበሩ፤ ትናንት አሥራ አንድ። አባቴ አሥራ ሁለት ነው ይላሉ፤ ልጄ «አባባ፣ እሱማ የእርስዎ የጣት አሻራ ነው» ብላ ተከራክራቸዋለች። እስካሁን አልተስማሙም።