አምልኮው አዳራሽ፣ ኅብረቱ ሳሎን

ሜሪላንድ ውስጥ መጋቢ ሳይደውል የሰው በር አያንኳኳም። ቢያንኳኳም የሚከፍትለት የለም። አባወራው ሥራ ላይ ነው፤ እማወራዋ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ተኝታለች፤ ልጆቹ ደግሞ በሩ ላይ ባለው ካሜራ አይተው ድምፃቸውን ያጠፋሉ። አዲስ አበባ ሳገለግል ግን «ጉብኝት» ብዬ ለብቻው የያዝኩት ቀጠሮ አልነበረኝም። ከጸሎት ስብሰባ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዴ ላይ ያሉትን የምእመናን ቤቶች ጎራ እያልኩ ነበር የማልፈው። «መጋቢ፣ ይግቡ እንጂ! ቡናው ገና ቶና ላይ ነው» ይሉኛል። በረካውን ጠጥቼ እስክነሳ ድረስ ማን ከሥራ እንደተቀነሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የትኛው ልጅ ጸሎት ቤት መምጣት እንደተወ ሳልጠይቅ እሰማለሁ። አከራይዋ ትናገራለች፣ ጎረቤት ትጨምራለች፣ ባለቤቱ በዝምታው ያረጋግጣል።

እዚህ አገር ያለን ሰዎች ልዩነቱን ሁሉ በጊዜ እጥረት እናሳብባለን። እውነት ነው፣ ጊዜ የለም። እኔ ግን የሚከብደው ሌላ ነገር ይመስለኛል። አገር ቤት ኅብረት ከቤተ ክርስቲያን መርሐ ግብር ውጪ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ በልቅሶ፣ በአራስ ጥየቃ፣ በሽምግልና፣ በቡና። መጋቢው ባይጠራው እንኳ ይሰበሰባል። ባሕር ማዶ ግን ማስታወቂያ ላይ ያልተነገረ ኅብረት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ እሑድ ላይ ይወድቃል።

እሑዳችንን ላሳያችሁ። እንደ ብዙዎቹ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት እኛም የአሜሪካኖችን አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናመልከው። እነሱ እኩለ ቀን ላይ ይወጣሉ፣ እኛ ሰባት ሰዓት ላይ እንገባለን። ወንድሞች የድምፅ መሣሪያ ይዘረጋሉ፣ የሕፃናት አስተማሪዎች ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ መዘምራን አንድ ጊዜ ለመሞከር ይጣደፋሉ። አምልኮ፣ ምስክርነት፣ ማስታወቂያ፣ መባ፣ ስብከት፣ ጸሎት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሕንፃው ጠባቂ መብራቱን አንድ በአንድ ማጥፋት ይጀምራል። ደግ ሰው ነው፤ ግን እሱም ቤት አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንግዲህ የእኛ እውነተኛ ኅብረት፤ ፓርኪንጉ ላይ። መኪናው ተነስቷል፣ ሕፃኑ መቀመጫው ላይ ታስሮ ያለቅሳል፣ ሰውየው ቁልፉን ይዞ ወደ እኔ ይጠጋና «መጋቢ፣ አንድ ደቂቃ» ይላል። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ትዳሩ ሊፈርስ መሆኑን ይነግረኛል። እዚያው ቆመን እንጸልያለን። ማክሰኞ ስደውልለት ስልኩ አይነሳም፤ ኡበር እየነዳ ነው። ረቡዕ መልሶ ሲደውል እኔ ሆስፒታል ነኝ። እንዲህ እያለ እሑድ ይደርሳል፤ እሑድ ደግሞ ሚስቱ አብራው ትመጣለችና ወሬው አይነሳም። አገር ቤት ቢሆን ነገሩ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት አክስት በመካከላቸው ገብተው ነበር።

ለዚህ መፍትሔው የቤት ኅብረት ይመስለኛል፤ እኔ እንዳመጣሁት አዲስ ነገር አድርጌ ግን አላቀርበውም። ከእኛ በፊት የነበሩት አባቶችና እናቶች በግድ የተማሩት ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ሕንፃዎቿን ወሰደ፣ የባንክ ሒሳቧን አገደ፣ መሪዎቿን አሰረ። በዚያን ጊዜ ምእመኗ 5,000 ገደማ ነበር። ከግንቦት 1983 በኋላ በይፋ መሰብሰብ ሲቻል ቁጥሩ ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ አዳራሽ አልነበረም፣ ማይክ አልነበረም፣ ኮንፈረንስ አልነበረም። የነበረው በየሳሎኑ የሚሰበሰብ ጥቂት ሰው ነው። የሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች በየመንደራቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

አሠራሩን ያኔ የነበሩት ሲያወሩት ሰምታችሁ ከሆነ ታስታውሱታላችሁ። ሰው በአንድ ጊዜ አይገባም፤ አንድ ሁለት እያለ ይመጣል፣ ሲወጣም እንደዚያው። ጀበናው ከመሃል አይነሳም፤ ቀበሌ ቢመጣ የቡና ጥሪ ነው፣ የልጅ ልደት ነው። ጮክ ብሎ መዘመር ስለማይቻል መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ሰው ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ መብዛቱ ራሱ አደጋ ነውና። ብዙውን ጊዜ ቤቱን ከፍተው፣ ሰውን አስተናግደው፣ ቃሉንም የሚያካፍሉት እናቶች ነበሩ፤ ስማቸው ግን በታሪክ መጽሐፎቻችን ውስጥ ሊኖረው የሚገባውን ያህል የለም። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ያ አሠራር ዛሬ የት እንዳለ ብትጠይቁኝ ሜሪላንድ ውስጥ አይደለም እላለሁ። ሪያድ ነው ያለው።

ይህን ያወቅሁት በስልክ ጸሎታችን ነው። በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስመር ከፍተን በጋራ እንጸልያለን። (የኮሮና ወረርሽኝ ካስተማረን ነገሮች መካከል የሚያኮራኝ ይኼ ብቻ ነው፤ የዙሙን ስብከትስ ተዉት።) መስመሩ ላይ አትላንታ አለ፣ ዳላስ አለ፣ የጋራዥ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጮህበት የፓርኪንግ ሠራተኛ ወንድማችን አለ። አንድ ሰው ድምፁን ማጥፋት ይረሳና በምልጃ ጸሎቱ መካከል «ካልሲህን አላደረግክም እንዴ!» የሚል ድምፅ ለመላው ጉባኤ ይሰማል። ከሁሉም ዝቅ ያለው ድምፅ ግን የእህቶቻችን ነው፤ ሳዑዲ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩት። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን አይፈቀድም። ዱባይ ቢሆን መንግሥት በሰጠው ግቢ ውስጥ ተራ እየጠበቁ የሚያመልኩ ጉባኤዎች አሉ፤ ያም ሆኖ አሠሪዋ የዕረፍት ቀን ካልሰጠቻት ለሠራተኛዋ ግቢው ምን ያደርግላታል? ሪያድ ያለችው ደግሞ ከሰው ዓይን ተደብቃ ነው የምትጸልየው። አንዷ እህት «እኛ እዚህ አራት ነን፤ በአንድ ሕንፃ የተለያየ ፎቅ ነው የምንሠራው፤ ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ እንገናኛለን» አለችኝ። ማን ታመመች፣ የማን ደመወዝ ተያዘ፣ የማን እናት አረፈች፣ ሁሉንም ያውቃሉ። ለሞተባት ገንዘብ አዋጥተው ይልካሉ። እኔ ሁለት መቶ ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ውስጥ ይህን ማድረግ አቅቶኛል።

አገር ቤትንም ቢሆን በትዝታ ብቻ ላስውበው አልፈልግም። በ1987ቱ ቆጠራ ከሕዝቡ 10.2 በመቶ የነበረው ፕሮቴስታንት በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆኗል። አዳራሾቹ ተሠርተዋል፣ ቴሌቪዥኖቹ ተከፍተዋል፤ ሕዝቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። ባለፈው ጊዜ ስሄድ በድሮ አጥቢያዬ ያሉ አገልጋዮች ከእኔ የባሰ እሮሮ ነበራቸው። ሰው ከየካ አባዶ ቦሌ ድረስ በታክሲ ሰልፍ መጥቶ ያመልካል፤ ጎረቤቱ ያለውን አማኝ ግን አያውቀውም። ነቢይ ፍለጋ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚዞር አለ፤ ትንቢቱን ይቀበላል፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው ግን የለውም። «እናንተ ርቀት አለባችሁ፣ እኛ ምን እንበል?» ብለውኛል።

እንግዲህ ወደ ሥራው ስንመጣ፣ እኛ ዘንድ ክርክር አለ። ከሽማግሌዎቹ አብዛኞቹ ሕንፃ እንግዛ ይላሉ። የቃል ኪዳን ቅጽ ታድሏል፣ የብድር ጥያቄ ተጀምሯል። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መብራት የሚያጠፋብን አይኖርም፣ ልጆቹም የራሳቸው ክፍል ይኖራቸዋል። እኔም አልቃወምም፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ወርኃዊ ዕዳ ያለበት ጉባኤ ሰውን የሚጠራው ለምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ይጠፋበታል። ይህን በሌሎች ዘንድ አይቻለሁ፤ ስም አልጠራም።

ስለዚህ ሕንፃው እስኪመጣ ምእመኑን በሰፈር ከፋፍለነዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ለብቻ፣ አሌክሳንድሪያ ለብቻ፣ ከቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ውጪ ያለው ለብቻ። ቡድኖቹ ከአሥራ ሁለት ሰው ሲያልፉ ይከፈላሉ። የሌሊት ፈረቃ ላላቸው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሚሰበሰብ አለ፤ ከሥራ ወጥተው ሳይተኙ ይመጣሉ፣ ግማሾቹ እየተጸለየ ያንቀላፋሉ፣ ማንም አይቀሰቅሳቸውም። አስተናጋጁ ምግብ እንዳያበዛ ደንብ አውጥተን ነበር፤ ቡናና ዳቦ ብቻ። ደንቡ በአንድ ወር ውስጥ ፈረሰ። አንዷ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ቀጣይዋ ክትፎ ጨመረች፣ ሦስተኛዋ «የእኔ ቤት ጠባብ ነው» ብላ ተራዋን አሳለፈች። ነገሩ ያለው እዚህ ነው፤ አፓርትመንቷ ጠቦ ሳይሆን ድግሱ አስፈርቷት ነው። አሁን ምግብ የሚያመጡት እንግዶቹ ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ቡና ብቻ ታፈላለች። ጭስ ጠቋሚው እንዳይጮህ ቡናው ተቆልቶ ነው የሚመጣው። ሐበሻነታችን ላይ ያደረግነው ትልቁ ቅናሽ ይኼ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጠየቁኝ ጥያቄ አለ። በየቤቱ የተበተነ ሰው ማን ምን እንደሚያስተምረው በምን እናውቃለን? በደርግ ዘመንስ አንዳንዱ ኅብረት ወዳልሆነ ትምህርት አልሄደም ወይ? ትክክል ናቸው። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ብዙም አያረካም፤ የቡድን መሪዎቹን በየወሩ ሰብስቤ አብረን እናጠናለን፣ ከዚያ ውጪ ደግሞ በየተራ እየሄድኩ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አልሰብክም። መጀመሪያ ላይ ስገባ ዝም ይሉ ነበር፤ አሁን «መጋቢ፣ ያን ወንበር ወዲህ ያምጡልን» ይሉኛል።