ቂጣ ቤቷን ላፍርሳት ወይ?

ኧረ እናንተ የከተማ ልጆች፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር! መስታወት በመስታወት የሆነ ካፌ ገብታችሁ፣ ሜኑው ላይ «ፓንኬክ በማር» የሚለውን ስታዩ ዋጋው አያስደነግጣችሁም? እኔን ከዋጋው ይልቅ ስሙ ያስቀኛል። ዱቄትና ውኃ ተለውሶ ምጣድ ላይ የወጣው ዛሬ ነው እንዴ? እናቶቻችን ቂጣ ይሉታል። ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ሲታሽ ቂጣ ፍርፍር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በኦሮምኛ ስሙ ጨጨብሳ ብለን እናዝዘዋለን። የመኖች ያስለመዱን ፈጢራም ዘመዱ ነው፤ ስሙ በዐረብኛ «ያልቦካ» ማለት ነው። እንግዲህ ፓንኬክ የሚሉት እንግዳ የመጣው ዘመዶቹ ቤት ነው።

እኔ የጥርባ ልጅ ነኝ። አገው ምድርን የማታውቁ ካላችሁ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ እንጅባራ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ጃኬት ፍለጋ ሻንጣችሁን የምትበረብሩበት አገር ማለት ነው። ብርዱ ቀልድ አያውቅም! ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እንጅባራ ቤት ተከራየሁ። እንደ ብዙው የገጠር ተማሪ ስንቄን በሳምንቱ መጨረሻ ከቤት ይዤ እመለሳለሁ፤ ስንቁ ግን ሐሙስን አያልፍም። ሐሙስ ማታና ዓርብን ያሻገረችኝ አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ቂጣ ቤት ናት።

ቤቷ ቤት እንዳትመስላችሁ። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ በጥቀርሻ ጠቁሮ አይነበብም። ሦስት ጠረጴዛ አለ፤ የአንዱ እግር ድንጋይ ተደግፏል። ወንበር የለም፤ ረዣዥም አግዳሚ ነው። ጓዳው ውስጥ እንጨት ይነዳል፣ ጢሱ መውጫ ስለሌለው እኛው ላይ ይቀመጣል። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጭስ ዓይናቸውን ሁልጊዜ ስለሚያስለቅሳቸው የዱቤውን ደብተር አያነቡም፤ የበላነውን የምንጽፈው እኛው ባለዕዳዎቹ ነበርን። እሳቸው ምጣዱ ላይ እንዳጎነበሱ «ጻፍሽ?» ይላሉ። «ጻፍኩ» ካልሽ አለቀ።

ታዲያ ምኗ ይናፍቃል? ቅቤው እንዳልል ዛሬ ቅቤ የትም አለ። የማር አገር ልጅ ነኝና ማሩም አያስደንቀኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ አግዳሚው ላይ ነው። አግዳሚ ላይ ለብቻ አይቀመጡም። በቀኝሽ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በግራሽ ለችሎት ከገጠር የመጣ ገበሬ፣ ፊት ለፊትሽ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ። ሳይተዋወቁ «እንብላ!» ይባባላሉ። ጥር 23 ቀንማ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱ ደጅ ታስሮ ባለፈረሱ ውስጥ ሻይ ይጠጣል፤ ለተማሪ ቦታ አይተርፍም። ካፌውስ? እያንዳንዱ ጠረጴዛ ደሴት ነው፤ አስተናጋጁ ከእጅሽ በፊት ጫማሽን ያያል።

ባለፈው ዓመት እጮኛዬን ለቤተሰብ ላሳይ ይዤው ስሄድ አስቀድሜ ያገባሁት እዚያች ቤት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አግዳሚውን ሲያይ ምን እንደሚል ማወቅ ፈለግኩ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡትና ከቂጣቸው ቆርሰው አጎረሱት። ጎረሰ! (እህቶቼ፣ ወንድ መፈተኛ ካስፈለጋችሁ ይኸው።) ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጥቀርሻውን፣ ድንጋዩን፣ ምጣዱን ፎቶ አነሳና «እትዬ፣ ይቺን ቤት እንዳይነኳት! እንዲህ እንዳለች ትቆይ» አለ።

እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። «አንተ ዛሬ ነህ ልጄ፣ እኔ ሁልጊዜ ነኝ» አሉት። ወዲያው ወደኔ ዞሩ። ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ገንዘብ ልካለች፤ አፍርሰሽ በመስታወትና በሴራሚክ ሥሪው ብላለች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ላፍርሳት ወይ?»

ምን ልበላችሁ፣ ቂጣው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ፎቶ ያልለጠፈ ማን ነበር? ከለጣፊዎቹ መሃል ከመፍረሱ በፊት ባለው ወር እዚያ ሻይ የጠጣው ስንቱ ነው? አሮጌ ቤት የሚጥመው በልቶ ለሚሄድ ሰው ነው። እኛ ጃኬታችን ላይ የቀረውን የጢስ ሽታ «ትዝታ» እንለዋለን፤ እሳቸው ሳንባቸው ውስጥ ነው ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ይሄን እያወቅኩ ለናፍቆቴ ስል «አይንኳት» ልበል?

የመሰለኝን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ጢሱ ይውጣ፦ ጭስ ማውጫ ይሠራ፤ እንጨት የሚቆጥበው የሲሚንቶ ምድጃ ይግባ። ወለሉም ይለሰን፤ ቁንጫ ቅርስ አይደለም። አግዳሚውን ግን አይሽጡት፤ በአግዳሚው ፈንታ አራት አራት ወንበር ከገባ ገበሬው ደጅ ይቀራል። ደብተሩንም አይተዉ። ተማሪ እንደሆነ ዛሬም ስንቁ ሐሙስ ያልቃል። እጮኛዬ አኮረፈ፤ ያኩርፍ!

እትዬ ከምክሬ ግማሹን ወሰዱ። ጭስ ማውጫው ተሠራ፣ ምድጃው ገባ፣ አግዳሚው አለ። ሴራሚኩን ግን አልተዉትም፤ ያውም ሮዝ! ገንዘቡም ቤቱም የሳቸው ነው፣ ማን ይከለክላቸዋል?

በቀደም ደውዬ «ዓይንዎስ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ተመስገን፣ ደብተሩን ራሴ ማንበብ ጀመርኩ» አሉኝ። የዚያ ሹፌር ዕዳ ከመስከረም ጀምሮ እንዳልተከፈለ የደረሱበትም አሁን ነው።