ዴሉክስ

ማታ ቆማ የተውኳት መኪና ጠዋት ስወርድ ተንበርክካ ትጠብቀኛለች። እያጋነንኩ አይደለም። የፊት ጎማዎቿ እስከ ግማሽ ተውጠው፣ አፍንጫዋ መሬት ሊስም ትንሽ ሲቀረው ነው የማገኛት። የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ በመጀመሪያው ሰሞን ጎማ የተነፈሰብኝ መስሎት አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ያንኳኳ ነበር። አሁን ለምዶታል። «ጋሼ፣ ዛሬም ሰግዳለች» ይለኝና ወደ ሬዲዮው ይመለሳል።

ጀርመን ሠራሽ ናት፤ ጥቁር፣ የቆዳ ወንበር ያላት፣ ስፖኪዮዋን ራሷ የምታጥፍ። ሞላዋ ግን እንደ ሰው መኪና ብረት አይደለም፤ አየር የሚሞላው የጎማ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ በስሱ ይሰነጠቅና ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያድራል። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ኮምፕሬሰሩ እያቃሰተ ያነሳታል፤ እኔም ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀስ እያልኩ ከፍ እላለሁ። ልጆቼ በረንዳ ላይ ሆነው ይስቃሉ። ኮምፕሬሰሩ ለአፍታ እንዲሠራ እንጂ የሚያፈስ ከረጢት ሲሞላ እንዲውል የተሠራ አይደለምና እሱም በተራው ይቃጠላል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል።

ይህችን የገዛሁት ዲኤክሴን ሸጬ ነው።

ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ነበረች፤ በፈረንጆች 1986 የተሠራች፣ 1300 ሲሲ፣ ኮድ 2። ሁለቱም ልጆቼ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጡት በእሷ ነው። የፋሲካ በግ፣ የቢሾፍቱ ጤፍ፣ የአማቴ አልጋ ሳይቀር በፖርቶመጋላዋ ተጭኖ ሄዷል። የኋላ ቀኝ በሯ ከውስጥ አይከፈትም ነበር፤ ማለቴ ዘዴውን ለማያውቅ ሰው አይከፈትም። ስትታመም ሕመሟ አይደበቅም፤ ወይ ካንዴላ ነው፣ ወይ ካርቡራተሯ ቆሽሿል፣ ወይ ቺንጋ ተበጥሷል። መንገድ ላይ ብትቆም ከመንገደኛው ግማሹ ኮፈን ከፍቶ መላ ይመታል፤ አንዱማ በእርግጠኝነት ያስነሳታል። ዕቃዋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመሬት የሚለቀም ያህል ነበር።

ታዲያ ምን አድርጋኝ ሸጥኳት? እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ምንም። የባለቤቴ ታናሽ እህት ሠርግ ቀን መኪኖቹ በሪባን አጊጠው ሲሰለፉ እኔም ዲኤክሴን አጥቤ፣ ጎማዋን ጥቁር ቀለም ቀብቼ ከሰልፉ ገባሁ። የሙሽራው አጎት ትከሻዬን ይዘው፣ በጣም በትሕትና፣ «አንተ እንኳ የቤት ሰው ነህ፤ ከኋላ ሁንና ጠላውን ጫንልን» አሉኝ። ጫንኩ። ከካዛንቺስ እስከ ሲኤምሲ ሁለት ጀሪካን ጠላ እያንቦጫቦጨ ከኋላዬ ሲሸት ሄደ። ሰውየው ይህን ነገር ዛሬ ቢጠየቁ የሚያስታውሱት አይመስለኝም። እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ ነው የወሰንኩት።

ገንዘቡም አልጠፋም፤ እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። 40 ሰው ሆነን በወር 10 ሺ ብር የምንጥልበት ዕቁብ ነበረን፤ እኔና ባለቤቴ ከሁለታችን ደመወዝ ቆርጠን በአንድ ዕጣ ገብተን። ዕቁቡ በመስከረም 2012 ተጀምሮ ዕጣው በሁለተኛው ወር ለእኛ ወጣ። 400 ሺ ብር በአንድ ጊዜ! ሠላሳ ስምንት ሰው ከኋላችን ተራውን እየጠበቀ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ገና ሲታሰብ ጀምሮ ለአንድ ነገር የታጨ ነበር፤ በ20/80 ለደረሰን የየካ አባዶ ቤት። ቤቱ በር፣ ሴራሚክና የኪችን ካቢኔት ቀርቶበት ባዶ ግድግዳ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ደግሞ ኪራይ እየከፈልን ገርጂ እንኖር ነበር። በዚያን ጊዜ ዋጋ 400 ሺ ብር ከነመጋረጃው ይጨርሰው ነበር።

መኪናውን ለባለቤቴ አሳየኋት። ደላላው የሰጠኝን ቁልፍ ይዤ ከበር ጠራኋትና ዞራ ዞራ አየችው። በሩን ከፍታ በቀስታ ዘጋችው፤ ያ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰማኛል እስካሁን። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ቤቱስ?»

«ቤቱ የትም አይሄድም» አልኳት።

አልሄደም። 

ዲኤክስን 235 ሺ ሸጥኩ። ከዕቁቡ ጋር ደምሬ፣ ከወንድሜም 65 ሺ ተበድሬ፣ 700 ሺ ብር ከፈልኩ። ከመፈረሜ በፊት ቄራ ያሉትን ሽማግሌ መካኒኬን ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ ምክር ፈልጌ ሳይሆን ምርቃት ፈልጌ ነው። ኮፈኑን ከፈቱት። በዲኤክስ ሞተር ዙሪያ ድመት ብትገባ ተዟዙራ ትወጣለች፤ እዚህኛው ውስጥ ግን ጣት የሚያስገባ ቦታ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ ይቺ በእጅ የምትነካ አይደለችም» ብለው ዘጉት። እኔ ደግሞ ሙያው አምልጧቸዋል ብዬ ታዘብኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ!

በኅዳር ፈረምኩ። በየካቲት የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ፣ ቁጥር 1186/2012፣ ጸደቀ። ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው ታክሱ ስለከበደ ገበያው አገር ውስጥ ወዳለችው አሮጌ ዞረ። ሸጬ ሦስት ወር ሳይሞላኝ እንደ እኔዋ ያለች ዲኤክስ የተጠራባትን ዋጋ ስሰማ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። የእኔዋም ጥቁር በወረቀት ዋጋዋ ጨምሮ ነበር፤ ግን ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት እያበራ ማን ይገዛታል? ያን መብራት ኮምፒዩተር አስነብቡት ይሉኛል፤ አስነብባለሁ። ኮምፒዩተሩ አንድ ኮድ ይናገራል፣ ከፍዬ አጠፋዋለሁ፣ በሳምንቱ በሌላ ኮድ ተመልሶ ይመጣል። የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ ቱቦ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ዕቃው ሶማሌ ተራ የለም፤ ዱባይ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል፣ በሻንጣ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ የሌላ ዓመት ሥሪት ሆኖ አልገጥም ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አልነገረኝም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የከፈልኩበትን ፈረስ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልጋለብኩትም ማለት ነው። ቢኖርስ የት? ከሰፈራችን ኮብልስቶን እስከ መገናኛ መብራት ድረስ? ቤንዚኑን ግን ሳያጎድል ይጠጣል፤ ዲኤክስ ትጠጣ ከነበረው እጥፍ። በ2014 ክረምት ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ወደ ሥራ በታክሲ መሄድ ጀመርኩ። የቅንጦት መኪና አቁሜ ሚኒባስ ተሰልፌ።

የዕቁቡን የመጨረሻ 10 ሺ የከፈልነው ታኅሣሥ 2015 ነው። ከዚያ በኋላ አከራያችን ሲጨምሩብን የካ አባዶ ገባን፤ በሊሾው ላይ፣ ካቢኔት በሌለው ኪችን፣ በመኝታ ቤቱ በር ፋንታ መጋረጃ ሰቅለን። ሲሚንቶና ሴራሚክ የደረሱበትን ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃውን እጥፍ አድርጋ በሚስማር ትይዘዋለች፤ በር ተከፍቶ የቆመ እንዲመስል።

ዲኤክስ ማለት «ዴሉክስ» የሚለው ቃል ማሳጠሪያ እንደሆነ ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ልጄ ነው የነገረኝ። የቅንጦት ማለት ነው። ለካ ነበረችኝ።

በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል፣ ሐምሌ ላይም ብሩ ሲወርድ፣ የእኔዋ ዓይነት ዲኤክስ ከሸጥኩባት ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ስትጠራ ሰማሁ። ልጠይቅ ብዬ ለገዛኝ ልጅ ደወልኩለት። አስተማሪ ነው። ትሸጣታለህ ወይ አልኩት፤ እንደቀልድ።

«ኧረ ጋሼ፣ እሷ አትሸጥም» አለኝ። ትንሽ ዝም አለ። «እንኳን ደወሉ ግን። እንዴት ብዬ ልጠይቅዎ እያልኩ ነበር፤ የኋላ ቀኝ በሯ ከውስጥ እንዴት ነው የሚከፈተው? ልጅ ወልጃለሁ፣ ባለቤቴ ከኋላ ነው የምትቀመጠው።»

እጀታውን መጀመሪያ ወደ ታች ተጫነው አልኩት፤ ከዚያ መስታወቱን ግማሽ አውርደህ በትከሻ ገፋ አድርጋት፣ ግን ቀስ ብለህ። ቀስ ብለህ ካልሆነ እንቢ ትላለች።