የመስቀል አደባባይ እርከኖችና የኪስ ቆጣሪው

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ መስቀል አደባባይ ብቅ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናቶችና ቱታ የለበሱ ወጣቶች፣ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ በተከፈተው አደባባይ እርከኖች ላይ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳሉ። ጠጋ ብሎ ላያቸው፣ ብዙዎቹ አረፍ ባሉ ቁጥር ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ይመለከታሉ። የሚመለከቱት የእርምጃቸውን ቁጥር ነው።

ይህን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክብደቴ 84 ኪሎ ደረሰ። ዘመድ አዝማድ «ተመችቶሻል» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪም የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ሲነግረኝ ግን፣ በዚሁ ሕመም ሳቢያ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ያላት እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት 10,000 እርምጃ መሙላት አቅቶኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካስ ቁጥሩ ከሐኪም የመጣ አይደለም! አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ባሸነፈ በዓመቱ፣ ጃፓኖች ለገበያ ካቀረቡት «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ከተሰኘ መሣሪያ ስም የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ 16,741 በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ተከታትሎ የወጣ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ እንኳ ዕድሜ ከማስረዘም ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ስልክ ይቆጥራል እንጂ አይራመድም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት፣ የምግብና የስፖርት ምክር ከሚከታተሉ ሰዎች መካከል መቁጠሪያ የተሰጣቸው በሁለት ዓመት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ፣ ያልተሰጣቸው 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል።

የምግቡም ሂሳብ ቀላል አይደለም። በውጭ አገር የተሠሩት የስልክ መመዝገቢያዎች ምግብን በሰሃን ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ ከአንድ ትሪ እንበላለን። የጉርሻስ ነገር እንዴት ይመዘገባል? እኔ መላ ያገኘሁለት፣ ድርሻዬን አስቀድሜ በሰሃን አውጥቼ ፎቶግራፍ በማንሳት ነው። ማታ ስመለከተው የበላሁትን መካድ አልችልም።

ከሁሉም የበለጠ የረዳኝ ግን ጉርብትና ነው። የሠፈራችን ሦስት ሴቶች ማታ ማታ ቁጥራችንን በመልእክት እንለዋወጣለን። አንዷ ዝም ካለች በነጋታው በሯ ይንኳኳል። በ8 ወር 6 ኪሎ ቀነስኩ፤ ግፊቴም ዝቅ ብሏል።

እህቶቼ፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መድኃኒታችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ስልኩን በኪሳችሁ ያዙት፤ እዚያም ሆኖ ይቆጥራል፣ ከቀማኛም ይድናል። ጎረቤታችሁን ግን ቤቷ አትተዉአት፤ አስከትላችሁ ውጡ።