ራስ ደጀን በጉንፋን

እኔና ባለቤቴ ወደ ራስ ደጀን ስንጓዝ፣ ሳንቃበር ካምፕ ስንደርስ ጉንፋኑ ሁለታችንንም ጥሎናል። አጃቢያችን ስካውት ጠመንጃውን በትከሻው አጋድሞ «ዳማከሴ ነበር እንጂ!» ይላል፤ ዙሪያውን ግን ጅብራ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉንፋንና የከፍታ ሕመም በቀላሉ አይለዩም፤ ሁለቱም ራስ ያሳምማሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። ማስመለስ ከመጣና ራስ ምታቱ ከባሰ ግን መውረድ ነው፣ ክርክር የለውም። እኛ አልባሰብንም፤ ተነጫነጭን እንጂ። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ቀና ብለውም አላዩንም።

ከቧሂት ተራራ በኋላ መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይላል። ይሄን ማን እንደፈጠረው!

«ያን ሁሉ የወጣነው ልንወርደው ነው?» አለችኝ እያሳላት።

«በቅሎዋ ላይ ውጪ፣ እባክሽ።»

«አንተ ውጣ፤ ፊትህ አመድ መስሏል።»

ወጣሁ።