ዶሮ ባርክልን

በበዓል ዋዜማ ወንድ ልጅ ተፈላጊ ነው። ባሏ መንገድ የሄደባት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከነጭራሹም ባል የሌላት ሴት ሁሉ ዶሮዋን አንጠልጥላ በር ላይ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን ትጣራለች፦ «ወንድሜ፣ እባክህ ዶሮ ባርክልን!» የተጠራው ሰው ቢላ ይዞ ያውቃል ወይ፣ እጁን ታጥቧል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወንድ መሆኑ ይበቃል። «በስመ አብ» ብሎ አንገቱን ይቆርጥና ምርቃቱን ተቀብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

እኛ ቤት ባራኪው ታናሽ ወንድሜ ነበር። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ብዙውን በዓል የሚውለው አሰብ መንገድ ላይ ነው። ቢላውን አያቴ ትስላለች፤ የዶሮውን ክንፍና እግር እናቴ ጠፍራ ትይዛለች፤ ውኃውን እኔ አፈላለሁ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቢላውን ያስጠጋል። የቀረውን ከእጁ ላይ ያረፈው የአያቴ እጅ ይጨርሰዋል። «ጎሽ የኔ ጀግና! እደግ!» ይባላል። ጀግናው ጓሮ ዞሮ ያስመልሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእኛ ነው። ላባውን መንጨት፣ በእሳት መለብለብ፣ 12ቱን ብልት ሳይሰባበር ማውጣት፣ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ማጠብ፣ ሽንኩርቱን እያለቀሱ ከትፎ ቁሌቱን እስከ ሌሊት ማማሰል። ብልት ስታወጣ የተሳሳተች ልጅ ወዮላት፤ «ባል ቤት ገብተሽ ልታሰድቢን ነው?» ትባላለች። ፈረሰኛው ለአባወራው ይቀመጣል። ምስጋና ግን ተነፍገን አናውቅም፤ በልቶ የጠገበ ሁሉ «እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ ይመርቃል። ስለ ድካሙም አላማርርም። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው፦ ይህን ሁሉ የሚችሉ ሴቶች አንድ ሕፃን ከብይ ጨዋታ እስኪመለስ ዶሮ ይዘው ይቆማሉ።

«እማማ፣ የቆረጥሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ዝም በይ! ሴት ልጅ አታርድም።»

«ለምን?»

«ወጉ ነዋ!»

አድጌ ሳስበው፣ ጨዋነት ብለው ካስተማሩኝ ነገር አብዛኛው መጠበቅ ነበር። አባትሽ ሳይቆርስ አትቆርሺም። ሲመሽ የሚሸኝሽ ወንድም ካልመጣ ሱቅ አትሄጂም። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ካልተጠየቅሽ አትናገሪም። ሽማግሌ ይላክብሻል እንጂ አትልኪም። ሰውነትም የራሱ ሕግ ነበረው፦ እግርሽን ሰብስቢ፣ አታፏጪ፣ ዛፍ ላይ አትውጪ፣ ጮክ ብለሽ አትሳቂ፣ አትሩጪ። የሮጠችው «ወንዳ ወንድ»፣ መልስ የሰጠችው «ዓይን አውጣ» ትባላለች። አንገቷን የደፋችው ትመሰገናለች። ወንድሜም ከዕዳው አላመለጠም። ሽንኩርት ሲልጥ የታየ ቀን «ሴታ ሴት» ብሎ ሰፈሩ ሳቀበት፤ ከዚያ ወዲያ ጓዳ ዝር አላለም። ዛሬ ሪዙን አሳድጎ እንቁላል ለመጥበስ ስልክ ይደውልልኛል።

አያቴ እንዲህ ስለተናገረች ደካማ ሴት እንዳትመስላችሁ። የጎጃም ሰው ናት። «ሴት ከማጀት፣ ወንድ ከችሎት» በሚባልበት አገር ችሎት ቆማ፣ ርስቷን ከገዛ ዘመዶቿ ጋር ተሟግታ የረታች ናት። ጉብዝናው የእሷ ቢሆንም መብቱ ግን የብዙዎች ነበር፤ በዚያ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ከእናቷም ከአባቷም ወገን መሬት ትወርስ ነበር፤ ስታገባም የአባቷን ስም አትለውጥም። እንግዲህ መሬት አላት፣ ስም አላት፣ አንደበት አላት። የሌላት ሞፈር ነው። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ስለዚህ ባሏ ሲሞት አያቴ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች፤ በገዛ ማሳዋ ላይ ከበቀለው ጤፍ ግማሹ በየዓመቱ ሌላ ሰው ጎተራ ገባ። በሰው እጅ ዶሮ ማስባረክ የሚያስወጣው ምርቃት ብቻ ነው። በሰው እጅ ማሳረስ ግን ግማሽ ምርት ያስከፍላል። ደንቡ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ወንድ ካልነካው ሥራው አይጀመርም።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከአያቴ ጋር ተስማምቶ ኖሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው፣ ሚስትንም ታዘዢው ይላት ነበር። ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። ለማግባትም ወንዱ 18 ዓመት ይሙላ፣ ሴቷን 15 ይበቃታል ብሎ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ አለቃውንም ሽሮ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት ያስተዳድሩ አለ። ቆይቶም በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍ ጀመር። ወረቀቱ ይህን ያህል ሲራመድ ሞፈሩና ቢላው ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። አዋጅ ጓዳ ድረስ ዘልቆ አይገባም።

ጓዳ ድረስ የገባ ሌላ ነገር ግን አይቻለሁ። በነሐሴ 1984 የአርሲ በቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ሮጠች። ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ስትከተል ቆይታ በመጨረሻው ዙር ተፈትልካ ወጣችና ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ሩጫውን ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አየነው፤ አያቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰፈር ውስጥ የምትሮጥ ሴት ልጅ ሁሉ «ደራርቱ» ተባለች፣ ያውም ለሙገሳ። «አትሩጪ» የሚለው ትእዛዝ እኛ ቤት ሲነገር ድጋሚ አልሰማሁም፤ የሻረው ሰው ግን አልነበረም፣ ዝም ብሎ ቀረ። ከሩጫው ይበልጥ ልቤ ውስጥ የቀረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ደራርቱ መስመሩን አልፋ ቆመችና ተቀናቃኟን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ሴት ልጅ ስትጠብቅ ያማረብኝ ያኔ ነው፤ የራሷን ጨርሳ፣ በፈቃዷ።

ደንብ በድል ብቻ አይላላም፤ በችግርም ይላላል። ሲመሽ ዳቦ ለመግዛት ብቻዋን የማትላክ የነበረች የሰፈራችን ልጅ ብቻዋን ቤሩት ሄደች። «ሴት ልጅ ለብቻዋ!» ሲል የኖረ ጎረቤት ሁሉ ሻንጣዋን አዝሎ ሸኛት። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ በሚንጠለጠልበት፣ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ዓመታት ቆጠረች። በላከችው ገንዘብ የቤቱ ቆርቆሮ ተቀየረ፣ ወንድሟ ባጃጅ ገዛበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሴት ልጅ ብቻዋን አትሂድ የሚል ድምፅ አልተሰማም። ስትመለስ ግን የተቀበላት ጥያቄ «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚል ነበር፤ ሲመሽም ሱቅ የሚሸኛት ሰው ይፈለግላት ጀመር። ያውም ባለባጃጁ ወንድሟ!

ለወርቅ የሚላላ፣ ለዶላርም የሚላላ ደንብ ከሰማይ አልወረደም። እኛው ነን የምናጠብቀው የምናላላው። ወንዶች ይጠቀሙበታል፤ ጠዋት ማታ ዘብ የምንቆምለት ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ እናቶች፣ አያቶችና አክስቶች ነን። ልጆቻችንን ስለምንጠላ አይደለም። ክፉ ስም የወጣባት ልጅ ምን እንደሚደርስባት ስላየን ነው፤ ፍርሃታችን መሠረት አለው። ቢሆንም ፍርሃታችንን ወግ ብለን ስንሰይመው ልጅቷ የምትከራከረው ሰው ታጣለች፤ ወግ አፍ የለውም፣ አይጠየቅም፣ አይመልስም።

ስለዚህ ልጅቷ «ለምን?» ስትል እውነቱን እንንገራት። «ሰው ያወራብሻል ብዬ ፈርቼ ነው» እንበላት። ከፈራች እናት ጋር መነጋገር ይቻላል። ልጅቷ ደግሞ የአያቴ ዘር ከሆነች ተሟግታ ትረታለች።